ኤክሷ የት አለች?

ከወልድያ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ ከተነሣ መንገዱ አያስቸግርም፤ ችግሩ መነሣቱ ላይ ነው። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «መርሳ! መርሳ! የሞላ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ደጅ ያለው መንገደኛ አንድ ሰው ብቻ የቀረ መስሎት ሮጦ ይገባል። ሲገባ የሚያገኘው አንድ ሰው የተቀመጠበትን መኪና ነው። ረዳቱ አልዋሸም ለማለት ይቻላል፤ «አንድ ሰው» አለ እንጂ የቀረ ይሁን የገባ አልተናገረም።

እስኪሞላ ድረስ ገበያው ወደ እኛ ይመጣል። ሶፍትና ማስቲካ፣ ቆሎ፣ የታሸገ ውሃ፣ የስልክ ገመድ በየተራ በመስኮት ያልፋሉ። ከዚያ ቅባት ሻጩ ይገባል። ቅባቱ ለቁርጥማት፣ ለራስ ምታት፣ ለሚያሳክክ እግር፣ ካስፈለገም ለጥርስ ይሆናል። ስለ ቅባቱ አልመሰክርም፤ ሰውየው ግን ባለሙያ ነው። መጀመሪያ «አሰላሙ ዓለይኩም» ይላል፤ ቀጥሎ «እንደምን አላችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ወሎ ነውና ግማሹን ተሳፋሪ ማስቀየም ግማሹን ገበያ መዝጋት መሆኑን ያውቃል። ከዚያ መንገዳችን የሰላም እንዲሆን ይመኛል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቁርጥማት የሚገባው። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሣ ወሬውን ከወገቡ ቆርጦ ይወርዳል። የቁርጥማቱን ነገር ሳልጨርስማ አልወርድም ብሎ እስከ ሲሪንቃ የተከተለን ቅባት ሻጭ ገጥሞኝ አያውቅም።

መርሳ ስንደርስ ደግሞ ፍራፍሬ ሻጮቹ አሉ። መኪና የት ጋ እንደሚያዘግም ከትራፊክ ፖሊስ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። መኪናው ቆም ሲል መስኮቱ ላይ ማንጎ ብቅ ይላል። ፊቱን ያዞረውን ትተው ወደሚቀጥለው መስኮት ያልፋሉ፤ ዐይኑ ማንጎው ላይ ለአፍታ የቀረውን ግን አይለቁትም፣ ዋጋውን ሳይጠይቅ ይነግሩታል። መኪናው በሙሉ ፍጥነቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ዘሎ ገብቶ የሾፌሩን መስታወት በፓፓያ የሸፈነ ሻጭ ግን በሀብሩ ታሪክ አልተሰማም። ቢኖር ፓፓያውን አንገዛለትም ነበር፤ ቀብሩ ላይ ግን እንገኝለት ነበር።

እንግዲህ ሰው ማስታወቂያ ይጠላል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አላምንም። ወልድያ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ አጥር ላይ የተለጠፈ የሥራ ማስታወቂያ ፊት የሚቆመውን ወጣት ተመልከቱ። ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ከፊቱ ባለው ሰው ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ የሥራውን ጨርሶ የጨረታውንም ያነባል። «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል መስመር ካገኘ ፊቱ እንደ ሠርገኛ ይበራል። ወረቀቱ አላሳደደውም፤ እሱ ነው ወረቀቱን ፈልጎ በእግሩ የመጣው።

ያንኑ ወጣት ስልኩ ላይ ተከተሉት። «ክፍት የሥራ ቦታ፦ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ወልድያ» የሚል አርዕስት ይነካል። ገጹ ይከፈታል። «የትምህርት ደረጃ» ብሎ ማንበብ ሲጀምር ከላይ አንድ ስዕል ይገባና ጽሑፉ ወደ ታች ይወርዳል። ልጁም ተከትሎ ይወርዳል። ጽሑፉን አግኝቶ «የምዝገባ ቀን» ላይ ሲደርስ ሙሉ ስክሪኑን የሚሸፍን ሌላ ነገር ይመጣል። ያንን ዘግቶ ይመለሳል። በመጨረሻ «ለማመልከት እዚህ ይጫኑ» የሚለውን አግኝቶ ጣቱን ሲያወርድ፣ ጣቱ አየር ላይ ሳለ ገጹ አንድ ጊዜ ይንሸራተትና የተነካው የኳስ ውርርድ ይሆናል። ሥራ ፈላጊ ሆኖ የገባ ልጅ ቁማርተኛ ሆኖ ይወጣል።

መዝጊያዋ ኤክስ ደግሞ አለች። አለች ማለት ለሚያያት ነው። ቀለሟ ከጀርባዋ ጋር አንድ ነው፤ መጠኗ ከአንድ ፍሬ ጤፍ ብዙም አይበልጥም። መጀመሪያ አትታይም፣ አምስት ሰኮንድ አስቆጥራ ትወጣለች። የሠራት ሰው የሀብሩን ገበሬ አውራ ጣት አይቶ አያውቅም። ያ ጣት ሞፈር የያዘ ጣት ነው፤ ኤክሷን ሲነካ ኤክሷን፣ ግራ ቀኟንና የማስታወቂያውን ግማሽ አንድ ላይ ይነካል። ማስታወቂያው ይህን እንደ ፈቃደኝነት ቆጥሮ ይከፈታል። ከፋዩም ማታ መዝገቡን ሲያይ «ዛሬ ከመርሳ አካባቢ ብዙ ሰው ፈልጎናል» ብሎ ደስ ብሎት ይተኛል።

ከሁሉ የባሰው ግን አንድ ቀን በእህቴ ስልክ ላይ የመጣው ነው። ዘመድ ሞቶ፣ የሐዘን መግለጫው በአንድ የዜና ገጽ ላይ ወጥቷል። የሟቹ ፎቶ በጥቁር ታጥሯል፤ ሥርዐተ ቀብሩ የት እንደሆነ ልታነብ ስትል ርችት ተተኮሰና «እንኳን ደስ አለዎት! የዕለቱ ዕድለኛ እርስዎ ነዎት!» የሚል ጽሑፍ ፎቶውን ጋረደው። እህቴ እንባዋን እየጠረገች ቀና ብላ «ምን አግኝተን ነው ደስ ያለን?» አለችኝ። የምለው ጠፋኝ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ተናግሮ ዝም ይላል። «ይህ መርዶ የቀረበላችሁ በእገሌ ቆርቆሮ ነው» ብሎ አያውቅም። ቆርቆሮ ሻጩም የእድሩ አባል ነው፤ ቢፈልግ ከፍሎ ሊያስብለው ይችል ነበር። ግን የሚደርስበትን ያውቃል።

የኢንተርኔት ማስታወቂያ ሲጀመር እንዲህ ክፉ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1994 «ሆትዋየርድ» የተባለ የአሜሪካ ድረ ገጽ በገጹ ራስጌ ላይ ቀጭን ጥብጣብ የመሰሉ ማስታወቂያዎችን አወጣ። ከከፋዮቹ አንዱ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ነበር። ካዩት 100 ሰዎች 44ቱ ነኩት ይባላል። ዛሬ ከ100 አንድ ሰው ቢነካለት ባለማስታወቂያው ጠላ ያስጠምቃል። የዚያን ጊዜዎቹ ሰዎች የነኩት ብርቅ ሆኖባቸው ነው፤ ብርቅነቱ አራት ዓመት እንኳ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሆኑት ጃን ቤንዌይና ዴቪድ ሌን አንድ ነገር ፈተኑ። ሰዎችን ድረ ገጽ ላይ አስቀምጠው «ይህንን ፈልጉ» አሏቸው። የሚፈለገው ነገር ገጹ ራስጌ ላይ በትልቁና በደማቅ ቀለም ተቀምጧል። ብዙዎቹ ሳያዩት አለፉ። ማስታወቂያ መስሏቸው ዐይናቸው ራሱ ዘሎት ነበር።

የወልድያ መናኸሪያ ይህን ያለ ዩኒቨርሲቲ ያውቀዋል። ረዳቱ ከጧት ጀምሮ «አንድ ሰው!» ሲል ስለሚውል፣ እውነትም አንድ ሰው ብቻ በቀረበት ሰዓት የሚሮጥለት የለም። ያኔ በትልቁና በደማቁ ቢጮህም ዋጋ የለውም።

በላያችን ዘሎ የሚከፈተውን መስኮት የፈጠረው ደግሞ ኢታን ዙከርማን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ «ትራይፖድ» በተባለ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ነውረኛ ገጽ ላይ መውጣቱን አይቶ ይቆጣል። ዙከርማን ለማስታረቅ ብሎ ማስታወቂያው ከገጹ ተለይቶ በራሱ መስኮት እንዲከፈት የሚያደርግ ኮድ ጻፈ። ሐሳቡ ጨዋውን ከባለጌው መለየት ብቻ ነበር። ሌሎቹ ግን ዘዴውን አይተው፣ ጨዋውንም ባለጌውንም በሰው ፊት ላይ መክፈቻ አደረጉት። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2014 «ዘ አትላንቲክ» በተባለው መጽሔት ላይ ዓለምን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ጽሑፍ ጽፎ መገላገሉ ዕድል ነው። የወሎ ሽማግሌዎች ፊት ቢቀርብ ኖሮ ለተዘጋው ለእያንዳንዱ መስኮት ካሳ ይቆረጥበት ነበር፤ በግ ቢባል እንኳ የዓለም በግ አይበቃውም።

በኛም አገር ሕግ አልጠፋም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ማስታወቂያው ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል፤ የልጆች ፕሮግራም በማስታወቂያ እንዳይቋረጥም ይላል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣው። ቢራው ሲወጣ ወንበሩ ባዶ አላደረም፤ ውርርዱ ተቀመጠበት። ልጆች እንዳይቋረጡ የሚለውን ባነበብኩ ቁጥር ትንሽ ቅናት ይይዘኛል።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ይኸኛው የኪስ ነው። ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ጥቅል ገዝቶ ነው የሚያነበው። አንድ የፊደላችን ሆሄ ኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው አንድ ብቻ ነው። ፊደላችን ከባድ ነው ቢባልም እስቲ እናስላው። ይህ የያዛችሁት ወግ ከነነጥቡ ከነሰረዙ 20 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። መሐሉ ላይ ሳይጠየቅ የሚጀምር ባለ 2 ሜጋባይት ቪዲዮ ቢገባበት፣ አንባቢው ለማስታወቂያው የሚያወጣው ለወጉ ከሚያወጣው መቶ እጥፍ ነው። ማንጎ ለማየት ብቻ የመቶ ማንጎ ዋጋ ክፈል እንደማለት ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ነበር። ተመልሶ መጣ ሲባል በጉጉት ከፈትኩ። የሰው መልእክት ከመድረሱ በፊት አንድ የውርርድ ድርጅት «ናፍቀውናል!» አለኝ። ከዘመድ ሁሉ ቀድሞ የጠየቀኝ እሱ ነው፤ ይህን ደግሞ አልክድም።

ይህን ሁሉ ያስነሣኝ የእህቴ ልጅ ነው። መርሳ ነው የሚኖረው። የሥራ ማስታወቂያ፣ የጤፍና የፍየል ዋጋ፣ የአካባቢ ወሬ የሚያወጣበት ድረ ገጽ ከነቴሌግራም ቻናሉ ከፍቷል። አንባቢ ሲያገኝ ከፋይ ፈለገ፤ መጀመሪያ የተገኙት ከፋይ ወልድያ ውስጥ ሶፋና ብፌ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ናቸው። «ጋሼ፣ እርስዎን ያከብሩዎታል፣ አብረውኝ ይቀመጡ» ብሎ ለውሉ ወሰደኝ። ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ አቦሉን ስንጠጣ ሁሉም ነገር ፍቅር ነበር።

ቶናው ላይ ሐጂ ፍላጎታቸውን ተናገሩ። ሶፋቸው ሙሉ ገጹን እንዲሸፍን፣ ከነመንዙማው እንዲከፈት፣ ሰው ሶፋውን ሳያይ ጤፍ ስንት እንደገባ እንዳያውቅ ይፈልጋሉ።

«ሐጂ፣ እንደሱ ከሆነ ሰዉ ይሸሻል» አለ ልጁ። «ጥግ ላይ በደንብ አድርጌ ላስቀምጥልዎ።»

«ጥግ? ልጄ፣ እኔ ይህን ሱቅ መንገድ ዳር የተከራየሁት ሰው እንዲያየኝ ነው። ጓሮ ብፈልግማ በግማሽ ዋጋ አገኝ ነበር።»

«ልክ ብለዋል። ግን ሱቅዎ መንገድ ዳር ነው እንጂ መንገዱ ላይ አይደለም።»

ሐጂ በእጃቸው ወደ ደጅ አመለከቱ። እውነትም አንድ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ላስቲኩ እንኳ ሳይወልቅ የእግረኛው መንገድ ላይ ወጥቶ ተዘርግቷል። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ፣ ጆንያ ይዛ፣ ሶፋውን ዞራ በባጃጆቹ መካከል አለፈች።

«እግረኛውስ ሐጂ?» አልኳቸው እኔ።

«ዞሮ ያልፋል» አሉ በርጋታ። «ሲዞር ያየዋል።»

እውነቴን ነው፣ ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ስልኬ ላይ የሚደርስብኝን ሁሉ የሚያዝዘው ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቡና ሲያጠጣኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደግሞም ደግ ሰው ናቸው። ልጁ ግን አልተበገረም።

«ደንብ አስከባሪ ሲመጣስ?»

«አስገባዋለሁ። ሲሄድ አወጣዋለሁ።»

«እኛ ዘንድ ያለው ደንብ አስከባሪ ግን አይሄድም።» ከዚያ ስለ ጉግል ማስረዳት ጀመረ። ከ2017 ጃንዋሪ ወዲህ ስልክ ላይ ጽሑፉን የሚጋርድ ማስታወቂያ የሚያወጣ ገጽ በፍለጋው ዝርዝር ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ከ2018 ፌብሩዋሪ ወዲህ ደግሞ ክሮም የተባለው የድረ ገጽ መክፈቻው፣ ቅጥ ያጣ ማስታወቂያ የሚያበዛ ገጽ ሲያገኝ ማስታወቂያዎቹን በሙሉ አንድ ላይ ያግዳል። ልኬትም አለው፤ በስልክ ገጽ ላይ ማስታወቂያው ከዋናው ይዘት ቁመት 30 በመቶ ካለፈ በዛ ይባላል።

«ምሳ አይወጣም?» አሉ ሐጂ።

«አይወጣም።»

«ሰላትስ?»

ልጁ ሳቀና ሐሳቡን ዘረዘረ። አንድ ስዕል፣ ከሁለተኛው አንቀጽ በኋላ። አንባቢው የፈለገውን ማግኘቱን ካረጋገጠ፣ ለሶፋ የሚሆን ልብ ይኖረዋል። የስዕሉ ቦታ አስቀድሞ በልኩ ይከለላል፤ ስዕሉ ዘግይቶ ቢደርስም ጽሑፉ አይዘልም። ከላዩ በትንሹ «ማስታወቂያ» ተብሎ ይጻፋል። «ለማመልከት ይጫኑ» ከሚለው አጠገብ ግን በፍጹም አይሆንም፤ በስህተት የተነካ ሶፋ ገዢ አያመጣም፤ እንዲያውም ሆን ተብሎ ከተደረገ ጉግል ማስታወቂያ የሚያከራየውን ሰው ውል ሊያፈርስበት ይችላል። በሐዘን መግለጫ ገጽ ላይ ደግሞ ምንም ማስታወቂያ አይወጣም። የኋለኛውን እናቱ ናት ያስገባችው፤ እንኳን ደስ አለዎት የተባለችው ያቺው እህቴ።

«ቴሌግራሙስ?» አሉ ሐጂ። ልጁ ቴሌግራም ራሱ በቻናል ላይ የሚያወጣው ማስታወቂያ ከ160 ፊደል እንደማይበልጥና እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ቻናሉ 1,000 ተከታይ ካለው ገቢውን ለባለቻናሉ እኩል እንደሚያካፍል ነገራቸው። ሐጂ 160ውን ፊደል በጣታቸው መቁጠር ጀምረው «ቢስሚላህ ብዬ ከጀመርኩ ለሶፋው ምን ይተርፈዋል?» ብለው ተውት።

ዋጋ ላይ ሌላ ክርክር ተነሣ። ልጁ የሶፋው ዋጋ ይጻፍ ይላል። ሐጂ «በስልክ» ይላሉ። ሶፋ ብዬ ዋጋውን ካልነገርከኝ ምኑን አስታወቅከኝ የሚለው የኔም ቅሬታ ነው፤ የመርሳ ማንጎ ሻጮች ዋጋውን ሳይጠየቁ ይናገራሉ ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ሐጂ ተገርመው አዩኝ። «ማንጎ ነገ ይበሰብሳል ጋሼ። ሶፋዬ የት ይሄድብኛል?» በዚህም ተሸነፍን።

በረካው ላይ ደግሞ ወደ ሙሉ ገጹ ተመለሱ። «እሺ፣ አንድ ቀን ብቻ ሙሉውን ሸፍነው። ለጁምዓ።»

«ከሸፈንኩት ትልቅ መዝጊያ ላደርግለት ነው።»

«አድርግ። ኤክሷ ትኑር። ሲጫኗት ግን ወደኔ ሱቅ ትውሰዳቸው።»

«ሐጂ!»

«እኔ ምን አልኩ? በር ነው ያልኩት።»

በመጨረሻ ልጁ የሙከራውን ገጽ ስልካቸው ላይ ከፍቶ ሰጣቸው። የጤፍ ዋጋ፣ የፍየል ዋጋ፣ ሁለተኛው አንቀጽ፣ ከዚያ ሶፋው፤ ቡኒ፣ ባለ ሦስት መቀመጫ፣ ላስቲኩ ወልቆ። ምንም አልዘለለም፣ ምንም አልጮኸም። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። አውራ ጣታቸውን በሶፋው ቀኝ ጥግ አዞሩ፣ በግራው አዞሩ፣ ከላይ ሞከሩ።

«ኤክሷ የት አለች?»

«የለችም ሐጂ። አያስፈልገውም፤ ያልፈለገ ዝም ብሎ ያልፈዋል።»

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ልጁን በሐዘኔታ አዩት። «ታዲያ ልጄ፣ ኤክስ ከሌለው ማስታወቂያ መሆኑን ሰው በምን ያውቃል?»